ያላስለካኸው የወንዝ ዳር

አባየ፣ እንዴት ነህ አልልህም። አንተ ከአፈሩ ሥር ሰላም ነህ፣ ከላይ የምቃጠለው እኔ ነኝ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። እናቴ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የቤቱን ቆርቆሮ ብቻዬን ቀየርኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ነው ያየኝ። ልጅህን አሁንም ማንም አይችለውም።

ያቺ ከአሸተን ተራራ በታች ያለችው የሽንኩርት መሬታችን ግን ሄደች። ውኃው እንዳይደፈርስ ከወንዙ ዳር አይታረስም የሚል ደንብ መጣ። እሺ አልን። ለጎረቤቶቻችን ዳሩ በመሬት ደብተራቸው ስላለ ምትክ ተሰጣቸው። የኛን ግን ሎጅ ለሚሠራ ሰው ሰጡት። ሽንኩርት የሚያደፈርሰውን ወንዝ ሲሚንቶ አያደፈርሰውም መሰለኝ።

እኔ ዝም የምል ነኝ? ችካላቸውን በጠራራ ፀሐይ ነቅዬ ወንዝ ጨመርኩት። አምስት ሆነው ያዙኝ፤ አራት ቢሆኑ አይችሉም ነበር። ቀበሌ ወስደው ሽማግሌዎች ፊት አቆሙኝ። የአባቴ መሬት ነው፣ ደብተሩ ይነበብ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም፣ እኔም ገልጬው አላውቅም። የመሬት ሠራተኛው አነበበው። በወንዙ በኩል የሚያዋስነን የወል መሬት ነው ይላል። ከታች ያንተ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። አንዱ ሽማግሌ፣ ጎረምሳው፣ አሁን ደሞ የማንን ችካል ልትነቅል ነው ብለው ሳቁብኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። የልኬቱ ቀን፣ መሬታችን ብዙ መስሏቸው ቆርሰው ለሌላ እንዳይሰጡብን ፈርተህ፣ ከእርከኑ በታች ያለው የኛ አይደለም አልካቸው። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳቅን። እንደ አባቴ ያለ ብልጥ በላስታ የለም ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

ተናድጄብሃለሁ አባየ። መቃብርህ ድረስ ልሰድብህ መጥቼ፣ አፍሬ ተመለስኩ።

እናቴ ደብተሩ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ሠራተኛው አሳስቶ ጽፎት ነው አልኳት። ይኸው ጠዋት ጠዋት እሱን ትረግማለች፣ ላንተ ነፍስ ይማር ትላለች። ሰውየው ምንም አላደረገም። ግን ይረገም። እኔ በሕይወት እያለሁ ጣቱ የባልሽ ነው የሚላት ሰው ደጃችንን አይረግጥም። እኔ እስክሞት አልረሳህም፤ ብልጠትህንም፣ ያቺን ቀንም፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ለእሷ ግን የምነግራት ግማሹን ነው።