የእናትሽ የጾም ከረሜላ

ጫኖ፣ መስከረም 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይህን የምትጽፈው ኖላዊት ናት፤ ከጎጃም መጥታ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው የግብርና ሠራተኛ። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው። አሳምሪው አላልኳትም። እንዳልኩት ጻፊው ነው ያልኳት።

ለልጄ። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? የሐዋሳ ዝናብ ቀለለላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሙዙ አፍርቷል፤ ግማሹን ዝንጀሮ ወሰደው፤ አላባረርኩትም። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ደህና እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም። የሚያመኝ የለም፣ ደስ የሚለኝም የለም።

በስልክ ለጠየቅሽኝ ነገር መልስ ልስጥሽ። መስቀል ዘንድሮ አርብ ስለሚውል፣ በእናትሽ ስም በቤተክርስቲያን የምታድይው ከረሜላ የጾም መሆን አለበት አልሽኝ። ባለፈው ሁዳዴ እናትሽ ታማ ሳለች የሠራሁላትን ዓይነት ሦስት ጊዜ ሞክረሽ ሦስቴም እንደ ድንጋይ ደረቀብሽ። አባዬ፣ ምን ጎድሎኝ ነው አልሽ። እኔ ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። በስልክ የማይወጣልኝ ነገር ስለሆነ ነው። ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ ያልሽውን ይህን ካነበብሽ በኋላ ወስኚ።

ስኳር ላይ እኔን የሚያርመኝ የለም። በጉብዝናዬ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአንድ አረብ ሱቅ ጓሮ ስኳር ሳፈላ የኖርኩ፣ ለመስቀል ገበያ ከረሜላ በትሪ ተሸክሜ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሁለት ስኒ ስኳር፣ ግማሽ ስኒ ውሃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። በማንኪያ አታማስይው፤ ካማሰልሽው ተመልሶ ስኳር ይሆናል። ድስቱን ይዞ ዘንበል ዘንበል ማድረግ ነው። የሻይ መልክ ሲይዝ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣይ፤ ጠጥሮ ቀጭ ካለ ደርሷል። ከዚያ የተቆላ ለውዝና ሰሊጥ ጨምሮ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ማፍሰስ፣ ሳይቀዘቅዝ በቢላ መቁረጥ። ይህን ሁሉ አድርገሻል። የጎደለሽ ቅቤ ነው።

እዚህ ላይ ኖላዊት እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። አባባ፣ የጾም ነው አላሉም እንዴ አለችኝ። ብያለሁ፣ ጻፊ አልኳት።

ሐኪሙ እናትሽ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ካልወሰደች አትቆይም ብሎኝ ነበር። የንስሐ አባቷም ለታመመ ሰው ተፈቅዷል ብለዋታል። እሷን ታውቂያታለሽ። አራት ልጅ እያጠባሁ የጾምኩትን ዛሬ ተኝቼ ልሻረው? አለች። ሽሮውን ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትመልሰዋለች። ከእጄ የምትቀበለኝ ከረሜላ ብቻ ነበር፤ ጉንጯ ሥር አድርጋ ስታሟሟው ትውላለች።

እኔም ገበያ ወርጄ ከቅቤ ነጋዴዋ ከሻሺቱ የጨንቻ ቅቤ ገዛሁ። ጋሼ፣ በሁዳዴ ቅቤ ለምንዎ ነው? ለጠጉርዎ እንዳልል ጠጉር የለዎት! ብላ ገበያውን አሳቀችብኝ። ቅቤውን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ስኳሩን ከእሳት ሳወርድ አንድ ትልቅ ማንኪያ ቅቤ ጣልኩበት። ሽታው እንዳይታወቅ ደግሞ ኮረሪማ ደቁሼ አበዛሁበት።

ኖላዊት አሁን ሳቀች። አባባ፣ ኮረሪማ እኮ ቅቤ ሲነጠር የሚገባ ነው፤ ቅቤን በቅቤ ቅመም ሸፈኑት? አለችኝ። ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች። እኔ አላውቅም ነበር። ማጀት ገብቼ ቅቤ አንጥሬ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ያነጠረችው እናትሽ ናት። አለማወቄንም ጻፊው አልኳት።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ፤ አንቺው አስቢው።

የመጀመሪያውን ቀን ጉንጯ ሥር አደረገችው። ዓይኗን ጨፈነች። ኮረሪማ አለው አለችኝ። አዎ አልኳት። እጄን ያዘችና ደግ አደረግህ አለች። በሃምሳ ዓመት እጄን በቀን ይዛ አታውቅም። በማግስቱ የንስሐ አባቷን አስጠርታ እኔን ከክፍሉ አስወጣችኝ። እሳቸው ሲወጡ አቀርቅረው ሄዱ። ስገባ፣ እንደ ትናንቱ ሥራው፣ አንድም ነገር እንዳትቀንስበት አለችኝ። እኔ ጣፍጧት ነው ብዬ ነበር።

አንቺ የመጣሽ ሰሞንስ ትዝ ይልሻል? ከአፏ አውጥታ የምታጎርስ ሴት፣ ከረሜላውን ትራሷ ሥር ሸሽጋ፣ ይህ የበሽተኛ ነው፣ እንዳትነኪው አለችሽ። እማዬ በስተርጅና ስስታም ሆነች ብለሽ ሳቅሽ። እንቅልፍ ሲወስዳት አንዷን ሰርቀሽ በላሽ። ጣዕሙ አፍሽ ላይ የቀረው ከዚያ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ልጄ ከዚህ ቀምሳለች? ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስከ ምሽት አላነጋገረችኝም። ለአንዲት ከረሜላ እንዲህ መሆኗ በሽታው ነው አልኩ።

ለፋሲካ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሄደች። ስኳሩ እሳት ላይ ነበር፤ ከስሎ ድስቱ ላይ ቀረ። ድስቱን አላጠብኩትም። ለቀስተኛው እንባ አውጣ፣ ይቀልልሃል አለኝ። አልመጣልኝም። እስከ ዛሬም አልመጣም። አንዳንዴ ስኳር አፌ ውስጥ አድርጌ እቀመጣለሁ። ጣፋጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ያንን ከረሜላ የእናቴ የጾም ምግብ ነው ብለሽ በስሟ እንዳታድይ ነው ይህን ሁሉ ያስጻፍኩት። የአርቡን ያለ ቅቤ ሥሪው። የሻይ መልክ ሳይዝ፣ ገና የማር መልክ ላይ ሳለ አውርጂና ሁለት ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ጨምሪበት። የዚያን ያህል አይለሰልስም፣ ጥርስም አይሰብርም። ኮረሪማ አታግቢበት። የበላሻትን ለንስሐ አባትሽ ስትናገሪ፣ አባቴ ነው የሠራው፣ እኔ አላወቅሁም በይ። ሠራሁት፤ ዛሬም ብትታመም እሠራዋለሁ። ከተቆጣሽም ተቆጪ። በሬን ግን አልዘጋሁም።

አምላክ እጅሽን ይባርከው። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። መስቀሉ ለቤትሽ ብርሃን ይሁን።

ያው አባትሽ።

ኖላዊት፣ በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ደግ አደረግህ ያለችኝ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ፤ ያኔ በደንብ አልሰማኋትም።