ስለ አንዲት ተጣጣፊ የልጅ መቀመጫና በአካል ይቅረብ ስለ ተባለው ባለዕቃው

አስመራ፣ ኅዳር 1992፣ በፈረንጅ አቆጣጠር

ለክቡር የውጭ አገር ጥቅሎች መጋዘን ሹም፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ዓይንዎ ሳይደክም፣ በተለይም ማኅተም የሚይዘው ቀኝ እጅዎ በሙሉ ጤና እንዲገኝ ምኞቴ ነው። እኛ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት የምንቀመጠው ሕዝብ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ሰባት ወር ስለ ተቀመጥን እንዲያውም በሚገባ ዐርፈናል።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ተብሎ ፎርሞቻችሁ ከድሮው መንግሥት የተረፉት ስለሆኑ፣ በተጠየቅሁበት ቋንቋ መመለስ ጨዋነት መስሎኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህን ነገር በትግርኛ ስጀምረው ከሁለተኛው መስመር አላልፍም። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከመኪና መጽሐፍና ከአሮጌ ጋዜጣ ስለ ለቀምኩት፣ ስሕተት ከተገኘ የጋዜጣው ነው።

አቤቱታዎቼ ጥቃቅን ናቸው፤ በየተራ አቀርባቸዋለሁ።

፩ኛ፤ የመጠበቂያ ክፍላችሁ አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ ከሌሎቹ ያጥራል። በአንዱ ዳር ያለው ሰው ሲነሣ በሌላው ዳር ያለው ከነወንበሩ ያዘነብላል። ባለፈው ወር ከሰምበል የመጡ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው እላዬ ላይ አርፈዋል። መካኒክ ስለሆንኩ ለአጭሩ እግር ከጎማ ቁራጭ ጫማ ሠራሁለት። በመስኮቱ የሚቀመጡት ጸሐፊ ወይዘሮ አዜብ ግን የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ አይጠገንም ብለው በትሕትና አስወለቁኝ። ስለ ጥንቃቄያቸው አመሰግናለሁ። የጫማው ማመልከቻ በእጃችሁ ነው።

፪ኛ፤ ከጀርመን የመጣልን ጥቅል ውስጥ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ ለመወሰን ስላደረጋችሁት ድካም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመጀመሪያ የቤት ዕቃ ነው አላችሁ፤ ቀጥሎ የመኪና መለዋወጫ ነው አላችሁ፤ በሦስተኛው ወር አንድ ባልደረባችሁ ገልብጦ አይቶት የሻሂ ማቅረቢያ ትሪ ነው አለ። እኔ ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። ለሕፃን ወንበር ያለፈች፣ ለአዋቂ ቀበቶ ያልደረሰች ልጅ በመኪና ወንበር ላይ ከፍ ብላ የምትቀመጥበት ተጣጣፊ መቀመጫ ነው።

ልጅቷ ክሳነት ትባላለች፤ የወንድሜ የዘርእዝጊ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። በሰይቸንቶዬ፣ በትንሿ ፊያት፣ የፊት ወንበር ላይ ከተሰባበረ ፎልስቫገን ያወጣሁትን ቀበቶ ገጥሜላታለሁ። ቀበቶው ለጀርመን ትከሻ የተሠራ ስለሆነ አንገቷን ነው የሚይዘው። ትራስ አደረግሁላት፤ በቃሓውታ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ ትራሱ ከሥሯ ሾልኮ እሷ ወደ ታች ተንሸራተተች፣ አንገቷ ላይም ቀይ መስመር ቀረ። እሷ አላለቀሰችም፤ መኪናዬ ከእሷ ጋር ተጣልታ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ።

ለምን ቤቷ አትቀመጥም ይሉ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዓባ ሻውል ተነሥተን የከረን መንገድ ዳር እንቆማለን። ታጋዮችን ይዘው የሚመጡት የጭነት መኪኖች ስለማይቆሙልን ከጎናቸው እየነዳን ከተማ ድረስ እናጅባቸዋለን። አባቷን እየፈለገች ነው። ታጋይ ሊሆን ሜዳ ሲወጣ የስድስት ወር ልጅ ስለነበረች የምታውቀው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ ደግሞ በመስኮቱ የሚታያት ሰማይና ጎፈሬ ብቻ ነው። «ሓወቦ፣ ፊታቸውን አንተ እይልኝ» ትለኛለች፤ የአባቴ ወንድም ማለቷ ነው። ዓመት ከመንፈቅ አየሁላት።

፫ኛ፤ ጥቅሉ በወንድሜ በዘርእዝጊ ስም ስለ መጣ፣ ባለዕቃው በአካል ቀርቦ እንዲፈርም አዛችኋል። ትክክል ናችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እዚህ ላይ መናዘዝ ይገባኛል።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ከጀርመን አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ሰረቀብርሃን የሚባል፣ ከወንድሜ ጋር በአንድ ጋንታ የነበረ፣ የተመታ እግሩን ሊታከም የሄደ ታጋይ ነው። ፖስታው ላይ የወንድሜ ስም አለ። ውስጡ ከመደብር መጽሔት የተቀደዱ ሦስት ሥዕሎች ነበሩ፤ የልጅቷን ቁመትና ክብደት ጻፉልኝ፣ ከሦስቱ የሚስማማትን ምረጡ፣ በዚህ አገር ልጅ ያለዚህ በመኪና አይሄድም ይላል። ስለ ወንድሜ ግን አንድ ቃል የለበትም።

ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ አልተመለሰም። ሞቷል ያለንም የለም። ታጋዮች የጓዳቸውን ሞት ከመንግሥት ቀድመው ለቤተሰብ አይናገሩም። በየመንገዱ ስንጠይቃቸው ሌላ ቦታ ተመድቧል ይሉና ውኃ ይለምናሉ። እኛም ውኃውን እንሰጣለን፣ ሌላ ጥያቄ አንጠይቅም።

ታዲያ አልጋ ላይ ላለ ሰው ጓደኛህ አልመጣም ብሎ መጻፍ ከበደኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ወንድሜን ለአንድ ቀን ቤቱ ላስገባው ፈለግሁ። ራሴን ዘርእዝጊ አድርጌ መለስኩ። በሰላም ገባሁ፤ ልጄ አንድ ሜትር ከአሥራ አራት ሆናለች፤ ወንድሜ ፍረዘጊ እንደ ድሮው ቀልደኛ ነው፣ ሥራ ግን አይወድም ብዬ ጻፍኩ። መቀመጫውንም መረጥኩ። አንዱ ረጅም ጀርባ ያለው የጳጳስ ዙፋን ነው፤ እሱ ሰይቸንቶ ውስጥ ከገባ እኔ ውጭ ሆኜ ነው የምነዳው። ሁለተኛው በአየር የሚነፋ ነው፤ ጎማ ስለምጠግን በአየር የሚነፋ ነገር አላምንም። ሦስተኛው ተጣጥፎ እንደ ቦርሳ በእጅ የሚያዝ ነው፤ በታክሲም፣ በሰው መኪናም ይሄዳል። እሱን አልኩ። የወንድሜ ሚስት ትበርህ አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ፣ ፊርማው እንዲህ አይደለም ብላ እጄን ይዛ አስተካከለችው።

እንግዲህ ጥቅሉ የመጣው ለዚያ ፊርማ ነው። ፎርማችሁ ባለዕቃው በሕይወት ከሌለ ወራሹ መሞቱን በፊርማው ያረጋግጥ ይላል። ወይዘሮ አዜብ አንድ ቀን አዘኑልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሞቷል ብለው እዚች ጋ ይፈርሙና ዛሬውኑ ይውሰዱት» አሉኝ። ብዕሩንም ዘረጉልኝ። ለዚህ ቸርነት ዕድሜ እለምንላቸዋለሁ። ብዕሩን መልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ምስጋናዬን ፌዝ አያድርጉት። በየወሩ መጀመሪያ በራችሁ ላይ በምትለጥፉት ዝርዝር ላይ፣ «ዘርእዝጊ፤ በአካል ይቅረብ» ይላል። ትበርህ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ታነበዋለች። በዚህ ከተማ ባሏን በስሙ ጠርቶ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት የእናንተ ብቻ ነው። የልጅቷ አንገት ቢፋቅም፣ ሰባት ወር ሕያው አድርጋችሁ አቆይታችሁልናል።

፬ኛ፤ ይህኛው የመጋዘኑን ጣሪያ የሚመለከት ሲሆን፣ በክረምት የሚያፈሰው በትክክል ከጥቅላችን በላይ ካለው ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ቢያንስ ጥቅሉን ወደ

ይቅርታ፣ በር ተንኳኳ።

ብዕሬን መልሼ ያነሣሁት በሦስተኛው ቀን ነው። በሩ ላይ የቆመው አንድ ባለ ሁለት ክራንች ሰው ነበር። ሰረቀብርሃን ነኝ አለኝ። ግባ ብለውም አልገባም፤ ከትከሻዬ በላይ ወደ ጓዳው ያይ ነበር። ከኪሱ ደብዳቤዬን አወጣ።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለ። «ዘርእዝጊን እኔ በእጄ ነው የቀበርኩት።»

መናገር ስላልተፈቀደለት ለልጅቷ አንድ ነገር ልኮ ዝም ሊል አስቦ ነበር። በፖስታው ላይ የወንድሜን ስም የጻፈው ከቤታችን ሌላ ስም ስለማያውቅ ነው። የኔ መልስ ሲደርሰው ግን፣ በጨለማ ስለ ነበር ሌላ ሰው ቀብሬ ይሆናል ብሎ አሰበ። እግሩ መቆም እስኪችል ወራት ጠብቆ፣ ተሳፍሮ፣ የሞተውን ጓደኛውን ሊያይ መጣ። ቀልዴ እስከ ጀርመን አልጋ ድረስ ሄዶ ለአንድ ቁስለኛ ተስፋ ሰጥቷል። የጻፍኩት እኔ ነኝ ስለው ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ትበርህ ከውስጥ ሰምታለች። ወጥታ ውኃ ሰጠችው፤ ምንም አልጠየቀችውም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ክሳነት እንደ ልማዷ ሰይቸንቶው ውስጥ ገብታ ትጠብቀኛለች። ወዴት እንደምነዳ አላውቅም፤ አልነገርናትምም።

በትዕግሥት የሰለጠነ፣ በአግዳሚ ወንበርዎ የተማረ፣ የማኅተምዎ የዘወትር አድናቂና የፎርምዎ ታማኝ አንባቢ፣ የሟች ዘርእዝጊ ታናሽ ወንድም፣

ፍረዘጊ፣ መካኒክ፣ ከዓባ ሻውል

ማስታወሻ፤ ፎርሙን ፈርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ይህን ጊዜ የፈረምኩት በራሴ ስም ነው። ሞቱን የሚገልጽ የመንግሥት ወረቀት ግን ገና አልደረሰንም። የኔ ፊርማ አይበቃም፣ ባለዕቃው በአካል ካልቀረበ አይሆንም የምትሉ ከሆነ፣ ሰረቀብርሃን ቦታውን ያውቀዋል፤ ከናቅፋ በታች ካለው ሸለቆ፣ ሦስት ድንጋይ የተደረደረበት ነው። ሰይቸንቶዋ እስከዚያ ስለማትደርስ የመጨረሻውን መንገድ በእግር እንሄዳለን፤ ባለ ክራንቹ ከቻለው ክቡርነትዎ አያቅትዎትም። ማኅተምዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።