ስለ ደወሉ የቀረበ ምስጋና

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፤ ዝናቡ አላባራም። በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ክፍል ውስጥ ያለነው እኔ አራሚዋ፣ ሠዓሊው ጋሼና ደወሉ ነን።

እጅግ ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጃችን፤

ጤናዎ እንደ ትእዛዝዎ የማያቋርጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ሥራ የጨረሰ ሁሉ ደውሎ እንዲጨበጨብለት በየክፍሉ ላሰቀሉልን ደወል ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን በሚከተለው ተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሥራችን በእርግጥ በዝቷል። ድሮ አንዲት ላም ስለው ሲጨርሱ ዝም የሚሉት ጋሼ፣ ዛሬ ለቀንዷ ይደውላሉ፣ ለጅራቷም ይደውላሉ፤ ጡቷን «ለነገ ጭብጨባ ትቆየኝ» ብለው አቆይተዋታል። ላሟ እስካሁን እግር የላትም።

2ኛ/ በመስኮት ስመለከት በመገኘቴ የተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። እኔ የማስብ መስሎኝ ነበር፤ ሥራ ፈትቼ እንደነበር ስላስረዱኝ ውለታዎ አለብኝ። ቀስ በቀስ በእግሩ የሚሄደው እንቁላልም እኛ መሥሪያ ቤት ቢቀጠር፣ ለምን ዘገየህ ተብሎ ደብዳቤ ሳይደርሰው አይቀርም።

3ኛ/ ያለፈውን የሳይንስ መጽሐፍ ገና እያነበብኩ ሳለሁ እርስዎ ራስዎ መጥተው ደወሉልኝ፤ ተጨበጨበልኝም። በዚህም የተነሣ የሰው ልብ አራት ክፍል ሳይሆን አራት እግር እንዳለው ታትሞ ወጣ። የእህቴ ልጅ ይህንኑ በፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች፤ እናቷ ግን እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

4ኛ/ ሕፃናት ምን እንደሚጠጡና ምን እንደማይጠጡ የሚያስተምረው የጤና መጽሐፍ ደግሞ ሳላነበው ነገ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት እንዲሄድ አዝዘዋል። ስለ ቅልጥፍናዎ ቃል አጠረኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ይሰጠኝ፣ እሱንም እስኪገባኝ ድረስ ላንብበው።

በፍጥነትዎ አቧራ ውስጥ ሆና ከኋላ እጅ የምትነሣዎ፣
አራሚዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ረቡዕ ጠዋት የተጨመረ ነው። የጤናውን መጽሐፍ ረቂቅ ይዤ በጓሮ በር ወጥቻለሁ። አሁን ረቂቁን አሳይቼ ከእህቴ ጋር ታርቄ፣ በእሷ ማድ ቤት ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እያነበብኩ ነው፤ ልጆች ሳሙናውን ጠጥተው እጃቸውን በወተት እንዲታጠቡ የሚያዝዘውን ዓረፍተ ነገር አርሜያለሁ። እኔን የሚያፈላልግ ኮሚቴ ቢያቋቁሙ ደስታውን አልችለውም፤ ኮሚቴው አጀንዳውን እስኪያጸድቅ ድረስ መጽሐፉን ጨርሼ እመለሳለሁ።