የተቀጠለው ገመድ

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን

ለድምቡሼ ልጄ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ «ደህና ነኝ» ብለህ እንደምትዘጋኝ ስለማውቅ አልጠይቅህም። ይልቅ እኔ ላውራ፣ አንተ ስማ። እኛ ደህና ነን። አባትህን ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ያስቸግረዋል፤ ምላሱ ግን እንዳለ ነው።

እህትህ ካሜራህን ሳጥን ውስጥ ከተህ መጋዘን ሥራ እንደገባህ ነገረችኝ። በስልክ ብጀምረው ማልቀሴ ስለማይቀር ነው የምጽፍልህ።

ፊልምህን የላክህልን ቀን አባትህ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሲኒማ ቤት የማሽን ክፍል ውስጥ ያደርገው እንደነበረው ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። ከመሄድህ በፊት ያን ሊኑክስ የምትለውን ፕሮግራም ጭነህ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር ባገናኘህልን ኮምፒውተር ከፈትነው። እንዳለቀ ስልኩን አነሳና «ፎከሱ የጠፋ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፊልም ሳሳይ እንዲህ ያለ ደብዛዛ ነገር መጋረጃ ላይ አላወጣሁም። ዓይን ከሌለህ ሌላ ሥራ ፈልግ» አለህ። አንተ «እሺ አባዬ» ብቻ አልክ። ስልኩን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ቀደመኝና ዘጋው።

ባለፈው ሳምንት ፊልምህን ደግሜ ከፍቼ ሳይ ጎረቤታችን የጥርስ ሐኪሟ ብቅ ብላ ቴሌቪዥኑን አየችና «ይሄ እኮ ፎር ኬ ነው፤ ፀጉር እየቆጠረ ነው ማሳየት ያለበት። ለምን ደበዘዘ?» አለች።

«ቴሌቪዥኑስ ደህና ነው፤ ልጁ አቀራረጹን አበላሽቶት ነው» አላት አባትህ።

«ታዲያ እዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የኮምፒውተሩ ሰዓትም ደብዝዟል፤ እሱንም ልጁ ነው የቀረጸው?»

አባትህ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ሰዓቱን አየ። ሲሸነፍ ታውቀዋለህ፣ ጆሮው ይቀላል።

እሷ እንደወጣች ሥራ ጀመርን። እሱ መነጽሩን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈውን የማስተካከያ ትእዛዝ ከስልኩ ላይ ያነብልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። የታይፒስት ጣት መቼም አይረሳም፤ ከነጥብ በኋላ ሁሉ ክፍት ቦታ እየተውኩ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለሥራ አስኪያጅ የሚጻፍ ደብዳቤ አይደለም እኮ!» ይለኛል። «አንተም ዜና አንባቢ አይደለህም፣ ቀስ በል» እለዋለሁ። እንደምንም ድራይቨር የሚሉት፣ ምስሉን የሚያስተካክለው ፕሮግራም ተጫነ። ጥራቱን ፎር ኬ ላይ ስናደርገው ግን ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ የሚመለሰው ዝቅ ስናደርገው ብቻ ነው። «ሊኑክሱ ነው። ልጅሽ አይደል የጫነው» አለ። አሁንም አንተ ላይ! ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

ቁም ሳጥኑን ገፋሁና ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። ግድግዳው ውስጥ ከሚገባበት አጠገብ በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለ እብጠት አገኘሁ። ለካ አንተ ከሄድክ በኋላ ከኮምፒውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን ገመድ በግድግዳው ሊደብቅ ፈልጎ፣ ጫፉ በቀዳዳው አላልፍ ሲለው፣ አባትህ መሃሉን በምላጭ ቆርጦ፣ አሳልፎ፣ መልሶ ቀጥሎታል። ልክ የተበጠሰ ፊልም እንደሚቀጥለው! ፊልም ሲቀጠል አንዴ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ይሄ ግን ያን ሁሉ ምስል ማሳለፍ አቅቶት ኖሯል።

«ይሠራ ነበር እኮ» አለኝ፣ ድምፁ አንሶ።

አዲስ ገመድ ገዝተን መሬት ለመሬት ዘረጋንና ፊልምህን እንደገና ከፈትነው።

ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርህ። ፊልምህ ላይ ያለው የዚያ ሽማግሌ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። የመስኮቱ አቧራ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ሽማግሌው ወደ በሩ ሲዞር ጃኬቱን አየሁት። ሁለተኛው ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ግራጫ ክር አልቆብኝ እኔ ራሴ የሰፋሁት ቁልፍ! አባትህ ማሽን ክፍል ይለብሰው የነበረው፣ አሮጌ ልብስ ለሚሰበስቡ ሰጠሽብኝ እያለ ስንት ጊዜ ያደረቀኝ ጃኬት። አንተ ጋ ነበር ለካ። ሽማግሌው ቁጭ ብሎ መነጽሩን በጃኬቱ ጫፍ ሲጠርግ ደግሞ ቁርጥ አባትህን ነው። ያኔ እኮ የታየን ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነበር።

አባትህ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። የሚያደርገውን ሲያውቅ እጁ እዚያው ቀረ።

አሁን በየቀኑ ያየዋል። እኔን የሚቆጨኝ በከንቱ ያለፈው ጊዜ ነው። በአንድ ቁራጭ ገመድ የተነሳ አንተ እዚያ መጋዘን ገባህ። ደውልለት ስለው «ልጁ ሥራ ላይ ነው» ይላል። ልብስ ላሰጣ በረንዳ ስወጣ ግን ስልኬን ያነሳል። በእኔ ቁጥር አንዴ ጠርቶ የሚዘጋብህ እኔ አይደለሁም። በሚቀጥለው ፈጥነህ አንሳው፤ ዝም ቢልህም አትዝጋው።

ዓይንህንና እጅህን ይጠብቅልኝ። የወጣህበት ደጅ መልሶ ያስገባህ።

እናትህ

ይህን ጽፌ ሳበቃ ዞር ብል አባትህ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ጃኬቱን እንዳይልከው ብለሽ ጨምሪበት» አለኝ። «ለሚቀጥለው ፊልሙ ያስፈልገዋል።»