የሃምሳ ደቂቃው ተጠርጣሪ

ይድረስ ለእትዬ፣ ከእናት ሳታንሺ በቁጣ ለምትበልጪው፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ልጆቹስ? ባለቤትሽ አሁንም ቆሞ ያንቀላፋል? ምላስሽን አልጠይቅም፤ እሱ ታሞ አያውቅም። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሰላሜን ግን ጥርጣሬ በልቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርክሾፓችን የክትባት ፍሪጆችን አንጎል እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ ሰው ሲጠይቅሽ “ፍሪጅ ይጠግናል” እያልሽ የምታዋርጂኝ ሥራ። አንዱ ፍሪጅ ያለው እዚህ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም እማማ ቁልፍ የምንላቸው ሴት፣ ያንን ክፍል ሃያ ዓመት ጠብቀውታል። ባለፈው ሳምንት የፍሪጁ መዝገብ ሲታይ በሩ ሃምሳ አራት ደቂቃ ክፍት ነበር ይላል። ሁለት ካርቶን የሕፃናት ክትባት ተጣለ። እማማም ከሥራ ታገዱ፤ ሰኞ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ከተፈረደባቸው ይባረራሉ።

አለቃችን፣ ፊቱ ስለማይከፈት መሳቢያ የምንለው፣ ፍሪጁ የሚታዘዝበትን ኮድ እንድመረምር ሰጠኝ። ኮሌጁን ከሁለተኛ ዓመት ባቋርጥም እጄ ከተመረቁት እንደሚሻል ነገረኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን እያጣራሁ ነው።

ማሽን ሁለት ሰዓት አለው፣ እትዬ። አንዱ ስክሪኑ ላይ የሚታየው፣ ሰው እንዳሻው ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርገው ነው። ሌላው ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ሰከንድ የሚለቅም፣ ማንም የማይመልሰው ቆጣሪ ነው። ኮዱ ውስጥ ግን ሁለቱም ተራ ቁጥር ናቸው። ማሽን ደግሞ ቁጥር ከሰጡት አያፍርም፤ ከቤት ቁጥርሽ ላይ የልጅሽን ዕድሜ ቀንስ ብትዪው ቀንሶ መልስ ይሰጥሻል። በሩም በስክሪኑ ሰዓት አምስት ሰዓት ከስምንት ተከፍቶ፣ ስድስት ሰዓት ከሁለት ተዘጋ ተባለ። ሙቀት መለኪያው ግን በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ጊዜውን የሚመዘግበው በቆጣሪው ነው። እዚያ ያለፈው ሁለት መቶ አርባ ሰከንድ ብቻ ነው፤ አራት ደቂቃ። ሙቀቱም ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ለየኋቸው። ለስክሪኑ ሰዓት አንድ የቁጥር ዓይነት፣ ለቆጣሪው ሌላ ዓይነት፣ በሁለት ቅጽበት መካከል ላለው ርዝመት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሰጠሁ። አሁን ሁለቱን ሰዓት ብቀላቅል፣ ወይም ከስክሪኑ ሰዓት ርዝመት ላውጣ ብል፣ ኮዱ ገና ፍሪጁ ላይ ሳይጫን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር እምቢ ይላል። ቅጽበትና ቅጽበት መደመርም ከለከልኩ። ማክሰኞ ሲደመር ሐሙስ ስንት ነው? መሳቢያን ስጠይቀው ለአፍታ አሰበ፣ እሙት።

እማማ ነጻ ወጡ ብዬ ልጨፍር ስል ግን መሳቢያ ያገኘሁትን የጻፍኩበትን ወረቀት መለሰልኝ። “ሰዓት በራሱ ሃምሳ ደቂቃ አይዘልም፤ ሰው ነክቶታል” አለ። “ማን እንደነካው ካልታወቀ ኮሚቴው፣ መዝገቡ እንዳይታመን ራሷ ነካካችው ነው የሚለው።”

ከዚያ ወዲህ ሰው አላምንም። መጀመሪያ ጥበቃውን ጠረጠርኩ፤ የምሳ ሰዓት ቶሎ እንዲደርስለት የማያደርገው የለም። ጥያቄ ሳበዛበት ግን ስክሪኑን እስከ ዛሬ ሬዲዮ ይመስለው እንደነበር ተረዳሁ። ቀጥዬ ጽዳቷን ጠረጠርኩ፤ ስትወለውል ነካችው ብዬ። ግን ያለ ይለፍ ቃል ንክች አይልም። ይለፍ ቃሉን የምናውቅ ደግሞ ሦስት ነን። መሳቢያ በዚያ ቀን ስብሰባ ላይ ነበር። ባልደረባዬ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነበር። ሦስተኛውን ለመጠርጠር ከብዶኛል፤ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ።

ትናንት እማማ ቤት ሄድኩ። ወንበር ሰጥተውኝ እጄን ያዙ።

“አንተ ልጅ፣ የበሩን ጎማ ልትቀይር መጥተህ አጠገቤ ነበርክ እኮ። ስንት ደቂቃ ከፈትኩት?”

አራት አልኳቸው። ይህንኑ ለኮሚቴው ትነግርልኛለህ ወይ አሉኝ። እነግራለሁ አልኩ። ስለ ሰዓቱ አልጠየቁኝም። እጄን ሳይለቁ ስለ አንቺ ጠየቁኝ፤ ደህና ናት አልኩ። ቢጠረጥሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዓቱን የነካው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ክፋት አላሰበም። ስክሪኑን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አድርጎ፣ እማማ ከምሳ ቀረሁ ብለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲሮጡ አይቶ ሊስቅ ነው። ስቋልም። ከሄዱ በኋላ ሰዓቱን ወደ ቦታው መለሰው፤ ያለቀ መሰለው።

አዲሱን ኮድና የመሣሪያ ሳጥኔን ለባልደረባዬ አስረክቤያለሁ። መሳቢያንም ይለፍ ቃሉን እንዲቀይረው ነገርኩት። ለምን አለኝ። ሰኞ ኮሚቴው ፊት ይሰሙታል አልኩት። ፊቱ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ አየሁ፤ ባላየው ይሻል ነበር።

እንግዲህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ቤትሽን ያሙቅልሽ፤ ልጆችሽንም እኔን ከመምሰል ይሰውርልሽ። ከሰኞ በኋላ ሥራ የሚበዛብኝ አይመስለኝምና እመጣለሁ። ደጃፍ ላይ አትጠይቂኝ፤ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

ብዙ ያስለቀሰሽ ታናሽ ወንድምሽ