ግድግዳው ላይ ያለው ስምህ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

ይህ ወረቀት ሲደርስህ በጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። የታችኛው ማሳ እንደተውከው ሣር ነው፤ ጥጃዋን እዚያው ነው የምናስራት።

የሰሞኑን ጉድ ልንገርህ። ግብርና ቢሮው የመንግሥት ድጎማ ያገኙ ገበሬዎችን ስም፣ ከነማሳቸው፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈው! ማንም ያነበዋል፤ ቅሬታ ያለው ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ያቀርባል። የወፍጮ ቤቱ ጌታና ያቺ ጎረቤታችን መበለት በአንድ ገጽ፣ በእኩል ፊደል። አገሩ ሁሉ አፉን ይዞ ቆሞልሃል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች ጮክ ብዬ ሳነብ ያንተ ስም ላይ ደረስኩ፦ «የታችኛው ማሳ፣ ስንዴ።» ድምፄን ሳልለውጥ አለፍኩት። ወተት ሰብሳቢው ብቻ ወደ አባባ ዞሮ፣ «ልጅዎ መጣ እንዴ? ከሄደ አራት ዓመቱ አይደል?» አለ።

አባባ ዓይኑን ሳያሽ፣ «ማሳ ላይ ነው» አለው።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ዶማ ይዞ ይወጣል። ወዴት ስለው «ወገቤን ላፍታታ» ይለኛል። በሰባ ዓመቱ! ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ለአንድ ቀንም ቢሆን ብቅ በልልን፤ ወሩ ሳያልቅ ከሆነማ እሰየው። ቦት ጫማህን አባባ ከቆጥ አውርዶታል። ለእግሩ በጣም ይሰፋዋል፤ ዛሬ ጠዋት ግን በር ላይ ሳገኘው ትኩስ ጭቃ ነበረበት።

እግርህን በሰላም ያምጣልን።

ታናሽ እህትህ