ዘሃራ የመረጠችው ምድጃ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ባለፈው ሳምንት ሚስቴን ሳላማክር ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ገዝቼ ገባሁ። ትልቁ ድስታችን አልቀመጥ አለበት። ዘሃራ «ማን ጠየቀኝ?» ብላ ጓዳ ከተተችው። በማድ ቤቱ ጭስ የመጣባት ሳል አሳስቦኝ ነበርና ተቀየምኩ።

ዛሬ ልንቀይረው አብረን አሰላ ገበያ ወጣን። ድስቱንና በደንብ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ከቤት ይዛ ነው የሄደችው።

ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ እኮ በደረቅ እንጨት ነው የሚሠራው» አላት።

«ክረምት ሲገባ ደረቅ እንጨት አንተ ታመጣልኛለህ?»

ሳቀና ሦስት ምድጃ በየተራ ለኮሰላት። ጭሱን አየች፤ ድስቱን እየጣደች ነቀነቀችው። ሦስተኛውን መረጠች። እኔ ብሆን ዞር ብዬም የማላየው፣ መልከ ጥፉ ምድጃ ነበር።

ከሰዓት ንፍሮ ስትቀቅልበት አጠገቧ ተቀመጥኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ማድ ቤት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። በርዶኝ በሩን ልዘጋ ስነሳ «ተወው፣ ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም» አለችኝ። ሰኞ ሐኪም ቤት አብረን እንድንሄድም ተስማማች።

ንፍሮው ሳይበስል ዓይኔ ያቃጥለኝ ጀመር። የቀነሰው ይሄ ከሆነ የበፊቱን እንዴት ችላው ኖረች? ልጠይቃት አሰብኩና አፈርኩ።